ክረምት ሲገባ ቸርኬና ጎማ መለወጥ ይገባልን?
የጎጃም ደጋ መንገዶችን መነሻ በማድረግ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




በጎጃም ደጋ ዝናቡ ከመውረዱ በፊት መሣሪያውን የማያሰናዳ ገበሬ አይገኝም። ግንቦት ሲያጋምስና ደመናው በጮቄ ተራራ ላይ መቋጠር ሲጀምር ሞፈሩን ይመረምራል፤ ማረሻውን ያሾላል፤ ያረጀውን ጠፍር በአዲስ ይተካል። ሐምሌ ከገባ በኋላ በጭቃ መካከል መሣሪያ መፈለግ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአባቱ ተምሯልና። በዚያው አገር፣ በዚያው ወር፣ ባለ መኪናው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ጎማውን የሚያስታውሰው መኪናው አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላ ነው። ይህም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ከሚያስታውሱት መካከል ደግሞ አንዳንዶቹ ለባለ ሙያው አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄውም፣ «ክረምት እየገባ ነውና ለጌጥ ያስገጠምሁትን ሰፊ የአሎይ ቸርኬ አውርጄ የፋብሪካውን ልመልስን? ወይስ በውጭ አገር የክረምት ጎማ የሚሉትን ላስመጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው የባለጸጋ ቅንጦት ቢመስልም እንደዚያ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ቁልቁለትና አቀበት በነሐሴ ጉም ውስጥ የሚያልፍ ተሳፋሪ ሁሉ፣ ሕይወቱን ያኖረው መኪናው ከመሬት ጋር በሚገናኝባቸው አራት መዳፍ የሚያህሉ ቦታዎች ላይ ነው። የቸርኬና የጎማ ነገር የነዚህ አራት መዳፎች ነገር ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ለወቅቱ ጎማ የመለወጥ ልማድ የተወለደው በረዶ ምድርን ለወራት በሚሸፍንባቸው አገሮች ነው። በፊንላንድ አንድ የጎማ ፋብሪካ በ1934 እ.ኤ.አ. ለጭነት መኪናዎች የተለየ የበረዶ ጎማ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቤት መኪናዎች የሚሆነውን አስከተለ። ዛሬ በስዊድን ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ መንገዱ በበረዶ ወይም በውርጭ ከተሸፈነ፣ የክረምት ጎማ ያልገጠመ መኪና መንዳት ክልክል ነው። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ይህን ልማድ እንደ ዕለት እንጀራው ያውቀዋል።

ለዚህ ልማድ ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የጎማው ቅመም ነው። ተራ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ መንገድን አይጨብጥም። የክረምት ጎማ በብርድ ጊዜም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቸርኬውን የሚመለከት ነው። በነዚያ አገሮች በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው የአሎይ ቸርኬን ገጽ ይበላል። ስለዚህ ብልህ ባለ መኪና የሚያምረውን ቸርኬ በጋራዡ አስቀምጦ የክረምቱን ጎማ በርካሽ የብረት ቸርኬ ላይ ያስገጥማል። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ጎማን ከቸርኬ ከማላቀቅም ይድናል።

እንግዲህ የሚመረመረው፣ እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም የሚለው ነው።

ክረምታችን የውኃ እንጂ የብርድ ወቅት አይደለም

እዚህ ላይ የቃል መመሳሰል ሰውን ያሳስታል። የፈረንጆቹን የበረዶ ወቅት «ክረምት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስለሆነ፣ የእነርሱ ክረምትና የእኛ ክረምት አንድ ዓይነት ጎማ የሚጠይቁ ይመስላል። ነገሩ ግን የተለየ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት ከምታገኘው 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ምድር የቀኑን ሙቀት በሌሊት አሟጥጣ አትለቅም፤ የሌሊቱም ቅዝቃዜ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ይልቁንም ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የበጋ ሌሊቶች ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነው። በአጭር አነጋገር፣ በጎጃም መንገዱ ሲርስ ብርዱ ጎማን እስከ ማድረቅ አይደርስም፤ ብርዱ ሲበረታም መንገዱ አይርስም።

ከዚህም የተነሣ ለበረዶ የተቀመመ ለስላሳ ጎማ ለደጋው ክረምት አያስፈልግም። እንዲያውም ከቀኑ ሙቀት፣ ይልቁንም ከዓባይ በረሃ ግለት ጋር ሲገናኝ ቶሎ ያልቃል። በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የታተመበትን ጎማ በብዙ ብር ማስመጣት፣ ለሌላ አገር በሽታ የታዘዘን መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ከዚህ ልዩ የሆነው፣ ከሮብ ገበያ አልፎ ጮቄን የሚያቋርጠው መንገድ ብቻ ነው ቢባል ይቻላል። በዚያ ከፍታ በረዶ ወርዶ ለጥቂት ጊዜ ምድሩን ሊያለብሰው ይችላል። ለዚያ ግን መድኃኒቱ ዳር ይዞ መቆም፣ እስኪቀልጥም መታገሥ ነው።

የጨውም ነገር እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ስለዚህ የውጭው ልማድ የቆመባቸው ሁለቱም ምክንያቶች እዚህ ይወድቃሉ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ምንም መለወጥ አያስፈልግም» ብሎ መደምደም ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ምክንያቱ ተለወጠ እንጂ አደጋው አልጠፋም።

ውኃና የጎማ ጥርስ

የጎማ ጥርስ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥርስ የሌለው ጎማም በደኅና ይይዛል፤ የእሽቅድድም መኪናዎች በደረቅ ቀን ልሙጥ ጎማ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ጥርስ የተፈለገው ለውኃ ነው። በመንገድ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውኃ ተኝቶ፣ 165 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድበት፣ አንዱ ጎማ ብቻ በያንዳንዱ ሴኮንድ 11 ሊትር ያህል ውኃ ከፊቱ ማስወገድ ይኖርበታል። ውኃው የሚያልፈው በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ነው። ቦዮቹ ከሞሉ ወይም ካለቁ ውኃው መውጫ ያጣና ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል። ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም ከንቱ ይሆናሉ፤ መኪናው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል።

ጎማ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት በውስጡ ካለው አየር ጋር የተያያዘ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ጎማዎችን ያጠኑ የናሳ መሐንዲሶች ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በስሌቱ መሠረት ጥርሱ ያለቀ ጎማ አየሩ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ወደ 22 ከወረደ ግን 78 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ከሉማሜ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ለጥ ያለ መንገድ ይህን ፍጥነት የማያልፍ ሚኒባስ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጠዋት ጎሚስታው ዘንድ አየር ማስለካት በራሱ የክረምት ዝግጅት ነው።

መንሳፈፍ ባይደርስ እንኳ የፍሬን ርቀት ይረዝማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 20 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው የመያዝ ኃይሉ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ 35 ሜትር ይፈልጋል። እርጥቡ አስፋልት 7 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ወደ 43 ሜትር ይደርሳል። በረጠበ ጭቃ ላይ ደግሞ ሜዳውም ቢሆን 57 ሜትር ያህል ነው። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው 17 ሜትር በነዚህ ሁሉ ላይ ይጨመራል። ጉሙ ከ30 ሜትር በላይ በማያሳይበት ማለዳ እነዚህን ቁጥሮች ማሰብ ያስፈልጋል።

አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ ይወጣል። በአውሮፓ ሕግ ለቤት መኪና የመጨረሻው ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በቦዮቹ ሥር ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ ጎማው እዚያ ወሰን ላይ መድረሱን ያመለክታሉ። ነገር ግን በእርጥብ መንገድ የመያዝ ኃይሉ ከዚያ አስቀድሞ ስለሚዳከም፣ አያሌ ባለ ሙያዎች ለዝናብ ወቅት 3 ሚሊ ሜትር መጠበቅ አለበት ይላሉ። ጥርሱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በጥር ለደረቅ መንገድ ያገለግል ይሆናል፤ ለሐምሌ ግን ያለቀ ነው።

ከጥርሱ ጋር ዕድሜውም ይታያል። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ምልክት በኋላ ከሚገኙት የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «2316» የሚል ጎማ በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ ግን የአውሮፓ እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም። ይህን ያልተገነዘበ ገዥ የ2016 ዓ.ም. ምርት ነው ብሎ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚበልጥ አሮጌ ጎማ በአዲስ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። አሮጌ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ቅመሙ ደርቋልና በእርጥብ መንገድ አይታመንም።

የቸርኬው ነገር

አሁን ወደ ጥያቄው እምብርት እንድረስ። ከፋብሪካው ልክ የተለየ ሰፊ የአሎይ ቸርኬ በክረምት ምን ያደርጋል?

ለምሳሌ በከተሞቻችን በብዛት የምትታየውን ቪትዝ መውሰድ ይቻላል። 165 በ70 ባለ 14 ጎማ ያላት ቪትዝ፣ ለውበት ሲባል 195 በ45 ባለ 16 ተገጠመላት እንበል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ምንም የተጓደለ ነገር አይታየውም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛ፣ የጎማው ጎን ከ115 ሚሊ ሜትር ወደ 88 ቀንሷል። ጎድጓዳ በመታው ቁጥር ቸርኬውን የሚጠብቀው ይህ ጎን ነበር፤ ክረምት ደግሞ ጎድጓዳው በውኃ ተሞልቶ የማይታይበት ወቅት ነው። ሁለተኛ፣ ጎማው በ30 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ከላይ በተነገረው ስሌት በሴኮንድ የሚያስወግደው ውኃ ከ11 ወደ 13 ሊትር ያድጋል ማለት ነው። የመኪናዋ ክብደት ስላልጨመረ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ሰፋ እንጂ አልበዛም፤ ወደ ጎን ሰፍቶ ወደ ፊት አጥሯል። ውኃውን ለማስወጣት የሚያገኘውም ጊዜ ያንኑ ያህል አጥሯል። ስለዚህ በደረቅ መንገድ «መኪናዋን አቆመልኝ» የሚባልለት ሰፊ ጎማ፣ በዝናብ ቀን ቀድሞ የሚንሳፈፈው እርሱ ነው።

የቸርኬው ጠባይም የተለየ ነው። የብረት ቸርኬ በድንጋይ ሲመታ ይጎብጣል። የጎበጠውን የዳሩን ክፍል ጎሚስታው በመዶሻ ያቀናዋል፤ ተሳፋሪውም ያሰበበት ይደርሳል። በቀለጠ አሉሚኒየም ተጥሎ የተሠራ አሎይ ቸርኬ ግን ብዙ ጊዜ ከመጉበጥ ይልቅ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ቸርኬ በከመነዳሪ ሸፍኖ አየሩን ማቆየት በየመንገዱ የሚታይ ዘዴ ቢሆንም፣ ይህ ስንጥቁን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም።

ከዚህ ሌላ ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ሁኔታ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የቡሎኖቹ ቁጥርና ርቀት መገጣጠም ብቻውን አይበቃም። የመካከለኛው ቀዳዳ ከሞዞው ቢሰፋና በቀለበት ካልተሞላ ክብደቱ በሙሉ በቡሎኖቹ ላይ ያርፋል። የዳዶው ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ ሳለ የቸርኬው መቀመጫ ክብ ከሆነ፣ የጠበቀ ይመስልና በጉዞ ላይ ይላላል። በቸርኬው ላይ «ኢ.ቲ.» ተብሎ የሚጻፈው ልክ ከፋብሪካው በብዙ ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኩሽኔታውን ያለ ልኩ ይጫነዋል፤ ጭቃውንም ወደ መኪናው ጎን ይረጫል። የመሸከም ልኩም ከመኪናው ክብደት ጋር መመዛዘን አለበት። ቸርኬ የተለወጠለት መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደ ገና መጥበቅ አለባቸው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞችም እየደረሱ ነው። እነዚህ መኪናዎች ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ይመዝናሉ፤ ብዙዎቹም ከፋብሪካው ሲወጡ ትልልቅ አሎይ ቸርኬ አላቸው፤ ከነርሱም አያሌዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም። ለእነርሱ ትክክለኛው ልክ ፋብሪካው ያዘዘው ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ክብደት የሚችል ትርፍ ጎማ ሳይዝ የክረምት ረጅም ጉዞ እንዳይጀምር ሊመከር ይገባዋል።

ጭቃና ዋልካ

ከአስፋልቱ የወጣ ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። የምሥራቅ ጎጃም የጤፍ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሙጫም ይጣበቃል። የአስፋልት ጎማ ትናንሽ ቦዮች በዋልካ በጥቂት ዙር ይሞሉና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። እዚህ የሚያስፈልገው ጥርሱ የተራራቀና ጥልቅ፣ በዞረ ቁጥር ጭቃውን ከራሱ የሚያራግፍ ጎማ ነው። ስፋትም አይረዳም፤ ከላይ ያለውን ልጥልጥ ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት የሚያገኘው ጠበብ ያለ ጎማ ነው። በ7.50 ባለ 16 ጎማ የሚሄዱት የላንድ ክሩዘርና የአይሱዙ መኪናዎች በገጠር መንገድ ለረጅም ዘመን የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጎማቸው ጠባብ፣ ቸርኬያቸው ብረት ነው።

ነገር ግን የጭቃ ጎማ ዋጋ አለው። ጥርሶቹ ስለተራራቁ አስፋልት የሚነካው አካሉ ያነሰ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይም የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል። ስለዚህ ከአሥር ጉዞው ዘጠኙ በአስፋልት ላይ የሆነ ሰው የጭቃ ጎማ ቢገጥም አንዱን አደጋ ሸሽቶ ወደ ባሰው መግባቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰንሰለት ይዞ መሄድ ይሻለዋል፤ ጭቃው ሲመጣ ያጠልቃል፤ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ያወልቃል። በጭቃ ውስጥ አየር መቀነስ ይረዳል፤ ሆኖም መልሶ የሚሞላበት ፓምፕ ያልያዘ ሰው አየሩን መቀነስ የለበትም።

የዓባይ ሸለቆ ምስክርነት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው በዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 1,400 ሜትር ገደማ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ወንዙን መሻገር ቀሏል። ሸለቆው ግን አልተለወጠም። የተራራው ወገብ በየክረምቱ ይንሸራተታል፤ ይህንም የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ አጥንቶታል። መሬቱ ሲንሸራተት አስፋልቱ ይወዛገባል፤ ትናንት ልስልስ የነበረው ቦታ ዛሬ እርከን ይሆናል። ቀጭን ጎን ያለው ጎማ የሚፈነዳው፣ አሎይ ቸርኬም የሚሰነጠቀው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ቁልቁለቱ ፍሬንንም ይፈትናል። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ 400 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ግለት በማርሽ ካልተያዘ በቀር ወደ ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ነጂው በረሃው ሥር ደርሶ ጎማው መጋሉን ሲያይ አየር ያስተነፍሳል። ደጀን ላይ ወጥቶ በዝናብ ሲቀዘቅዝ ግን ጎማው ከልኩ በታች ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የውኃ ሜዳ ነው። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመነሻው ከተማ መሆን አለበት።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው?

ከላይ ከተባለው ሁሉ የሚከተለው መልስ ይወጣል። በአስፋልት ብቻ የሚመላለስና የፋብሪካውን ልክ የያዘ ባለ መኪና ቸርኬም ሆነ የጎማ ዓይነት መለወጥ አያሻውም፤ የሚያሻው ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ጥርስ፣ ትክክለኛ አየርና ዕድሜው ያልገፋ ጎማ ነው። ሰፊ የአሎይ ቸርኬ ለጌጥ የገጠመ ግን ሰኔ ሳይገባ አውርዶ የፋብሪካውን ልክ፣ ቢቻል በብረት ቸርኬ ላይ ሊመልስ ይገባዋል። የሚያምረው ቸርኬ መስቀል ካለፈ በኋላ ይመለስ፤ አይጎዳም። ወደ ደብረ ኤልያስ ቀበሌዎች፣ ወደ ቢቸናና ሞጣ ዙሪያ የገጠር መንገዶች በየሳምንቱ የሚገባ ሰው ደግሞ የጭቃ ጎማ ያስፈልገዋል፤ እርሱም በአስፋልት ላይ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ የበቃው ሰውም አለ፤ እንዲያውም ብዙው እርሱ ነው። ለእርሱ የሚሰጠው ምክር ከልማዱ ይለያል። በቤት መኪናና በሚኒባስ አዲሶቹ ጎማዎች ወደ ፊት ይደረጉ ማለት የተለመደ ነው። ሆኖም የኋላ ጎማ በእርጥብ መታጠፊያ ቢለቅ መኪናው ይሽከረከራል፤ ይህንም ተራ ነጂ መልሶ አይዘውም። የፊት ጎማ ቢንሸራተት ግን እግርን ከነዳጅ በማንሣት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ የተሻሉት ሁለቱ ወደ ኋላ ይሁኑ። በከባድ መኪና ግን ነገሩ ይለያል፤ የመሪው ጎማ ቢፈነዳ መኪናው አይገዛምና የተሻለው ጎማ በመሪው እግር ላይ ይሁን፤ ዳግም የተለበጠ ጎማም እዚያ አይግባ።

የባለ ሙያው ድርሻ

ይህን ሁሉ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ መንገር ሌላ ነው። በአንድ ጎሚስታ ደጅ በሰኔ ማለዳ የሚሰማውን ንግግር ማናችንም መገመት አይቸግረንም።

«ጋሼ፣ የኋላው ጥርሱ አልቋል፤ ለክረምት አይሆንም።»

«ቦሎ ወጥቶለታል እኮ፣ ልጄ።»

«ቦሎው የወጣው በታኅሣሥ ነው፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰ?»

«እንግዲህ እስከ መስከረም እንደ ምንም ይግፋ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ባለቤቱ ስስታም አይደለም፤ የተቸገረ ነው። ጎሚስታውም ሥራውን ያውቃል። የዓመቱ ምርመራ የሚናገረው በምርመራው ቀን የነበረውን እንጂ የሐምሌውን ጥርስ አይደለም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያልተገኘ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ተሳፋሪው ነው። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ትኬት ቆርጦ የሚቀመጠው መንገደኛ የጎማውን ጥርስ አልለካም፤ የ«ዶት»ን ቁጥር አላነበበም፤ እንዲመርጥም አልተጠየቀም። ስለ እርሱ ሊናገር የሚችለው ጎማውን በእጁ የነካው ባለ ሙያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ወደ ጋራዡ የገባውን መኪና ሁሉ፣ ባለቤቱ ለሌላ ሥራ ያመጣው ቢሆንም እንኳ፣ ጥርሱን በማስመሪያ ለክቶ፣ ዕድሜውን አንብቦ፣ የቸርኬውን ልክ አይቶ ውጤቱን በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ባለቤቱ ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር ሲመክር በእጁ ይኖራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስቀድሞ ጥርስ ያለው ጎማ እንዲገዛ መምከርም፣ የቸርኬው ሽያጭ ለጋራዡ ቢያተርፍም እንኳ፣ የባለ ሙያው ግዴታ ነው። አራቱም ጎማዎች አልቀው የተገኘ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ሲመጣ ደግሞ፣ የተበላሸውን ጎማ ወደ ኋላ አዘዋውሮ ከመሸኘት ይልቅ «ይህን አልገጥምም» ለማለት መድፈር ያስፈልጋል። አንድ ጎሚስታ ብቻውን እምቢ ቢል ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። በአንድ ከተማ ያሉት ሁሉ በአንድ ቃል ቢጸኑ ግን ባለቤቱም መካሪ ያገኛል፤ ተሳፋሪውም ጠበቃ ያገኛል።

ገበሬው ጠፍሩን የሚለውጠው እስኪበጠስ ጠብቆ አይደለም፤ እርሻው መካከል ቢበጠስ የሚያጣውን ያውቃልና። የጎማም ነገር ከዚህ አይለይም። ደመናው በጮቄ ላይ ከመቋጠሩ በፊት የሚደረገው ምርመራ ጥቂት ደቂቃና አንድ ማስመሪያ ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀውን ዋጋ ግን፣ ጎማውን የገዛው ሰው ብቻውን አይከፍለውም።